ብሎኑን ማን አላላው?

ሰፈሩ ሁሉ ቀጮ የሚላት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ መኪናው ሥር በጀርባዋ እንደተኛች የባትሪዋን ብርሃን ወደ ብሎኑ አስጠጋች። ቀዩ መስመር ለሁለት ተከፍሏል። ትናንት በእናቷ የጥፍር ቀለም ከብሎኑ ራስ እስከ ብረቱ ድረስ ያሰመረችው መስመር ነበር፤ አሁን ግማሹ እዚያ፣ ግማሹ እዚህ ሆኗል።

«አልተሳሳትኩም!» አለች ለራሷ። «የሆነ ሰው እየፈታው ነው።»

የሆነ ሰው ማለቷ ለወጉ ነው እንጂ ማን እንደሆነ ልቧ ያውቃል።

አሮጌው መኪና የአባቷ ነበር። አባቷ ከሞተ ጀምሮ ግቢው ጥግ ላይ ቆሟል። ሞተሩስ አሁንም ይነሳል፤ ችግሩ ከኋላ ክብደቱን የሚሸከመው የተደራረበ ብረት፣ ባሌስትራው ነው። እናቷ ያገባችው ልብስ ሰፊ ባለፈው ወር አንድ አሮጌ ብረት ገዢ ይዞ መጣ። ገዢው መኪናውን እንደ በግ እየዞረ ጎኑን ደባበሰው። ቀጮ ጮኸች፣ አለቀሰች፣ እራት አልበላም አለች። በመጨረሻ እናቷ ፈረደች፦ መኪናው እስከዚህ እሑድ በራሱ ጎማ ከግቢው ከወጣ ይቀራል፤ ካልወጣ ሰኞ ይሸጣል።

ቀጮና ሹፌሩ አጎቷ ባሌስትራውን አውርደው ዝገቱን ፋቁ፤ በየጫፉ ብሎኑ የሚያልፍበትን ያረጀ ላስቲክም በአዲስ ቀየሩ። አጎቷ ለሥራ ሲወጣ «መልሰሽ ግጠሚው፤ ማጥበቁን እሑድ ጠዋት ስመጣ» አላት። እሷ ግን እስከ እሑድ የምትታገሥ ልጅ አይደለችም። መኪናው መቆሚያ ብረት ላይ እንደተንጠለጠለ ባላት ጉልበት ሁሉ ብሎኖቹን ጥብቅ አድርጋ አሰረቻቸው። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ላልተው አገኘቻቸው። እንደገና አጠበቀችና ምልክት አደረገችባቸው። ዛሬ ደግሞ እናቷ ሱቅ ልካት ተመለሰች፤ ይኸው።

በረንዳው ላይ ሲንኳኳ የነበረው የልብስ ስፌት ድምፅ ቀጥ አለ። ቀጮ ከተኛችበት የሚታያት የልብስ ሰፊው ነጠላ ጫማ ብቻ ነው። ጫማው ወደ እሷ መጣ፣ ትንሽ ቆመ፣ ተመልሶ ሄደ።

«ሰላይ!» አለች በሆዷ።

ከመኪናው ሥር ወጥታ ወጥ ቤት ገባች። «እማ፣ ባልሽ መኪናውን እያበላሸው ነው።»

እናቷ ሽንኩርት መክተፏን አላቆመችም። «ስለጠላሽው ብቻ ሰውን ወንጀለኛ አታድርጊው።»

«መንገድ ላይ ቢገነጠልስ? ብንሞትስ?»

ቢላዋው ቆመ። «ሲፈታ በዓይንሽ አይተሻል?»

አላየችም። ወደ በረንዳው ወጣች።

ሰውየው ነጭ ሸሚዝ እየዘመዘመ ነበር። ጨርቅ እንዳይበላሽበት እጁን ታጥቦ የማይጠግብ ሰው ነው፤ እናቷ «ከቀዶ ሐኪም ይብሳል» እያለች ትቀልድበታለች። ቀጮ ጣቶቹን አየች። ጥፍሮቹ ሥር ጥቁር ግሪስ ተሰግስጓል።

«ጥፍርዎ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ሰውየው እጁን አልደበቀም። ይህ ራሱ አናደዳት።

«የመኪናሽ ግሪስ ነው። ብሎኖቹን ያላላኋቸው እኔ ነኝ።»

እንዲህ በቀላሉ ያምናል ብላ አልጠበቀችም።

«ለምን? እንዲሸጥልዎት?»

«እንዲሸጥማ እፈልጋለሁ። ግቢው ጠቧል፤ አልዋሽሽም። ግን እናትሽን የሚጭን መኪና ነው። ተንጠልጥሎ እያለ ካጠበቅሽው፣ ስታወርጂው ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀደዳል። ታክሲ እነዳ በነበረ ጊዜ እኔም እንዳንቺው አጥብቄ በወሩ ቀዳድጄዋለሁ። መጀመሪያ መሬት ይረግጣል፣ ክብደቱን ይሸከማል፣ ከዚያ ነው የሚጠብቀው።»

«ታዲያ አይነግሩኝም ነበር?»

«ብነግርሽ ትሰሚኝ ነበር? ባለፈው ‹ሻይ ጠጪ› ስልሽ ‹መርዝ አለበት እንዴ› ብለሽኛል።»

ከወጥ ቤት የታፈነ ሳቅ ተሰማ። የቀጮ ፊት ጋለ።

«በዓይኔ ካላየሁ አላምንም» አለች።

«እይዋ! አንዱ ብሎን ጋ ገና አልደረስኩም፤ ከሱቅ ቶሎ መጣሽብኝ።»

ወልቀው የነበሩትን ጎማዎች ገጠሙ። ሰውየው ክሪኩን ሲይዝ «ይተዉት፣ የማወርደው እኔ ነኝ» ብላ ነጠቀችው። መኪናውን ቀስ እያለች መሬት አስነካችው፤ ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አደረገችና ገባች። እሱ ያላላቸው ብሎኖች ጋ ብረቱ ዞር ብሎ ተስተካክሎ ተቀምጧል። ያልነካው ብሎን ጋ ግን አዲሱ ላስቲክ እንደሚጨመቅ እርጥብ ጨርቅ ተጠማዝዞ ጠርዙ መሰንጠቅ ጀምሯል። ብሎኑን ስታላላው ላስቲኩ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ከሥር ቶሎ አልወጣችም። መናደድ ፈለገች፤ ከራሷ በቀር የምትናደድበት ሰው አጣች። አጎቷ ለምን «ስመጣ» እንዳላት አሁን ገባት። ሰውየውን ዛሬም አልወደደችውም። ግን መኪናው እንዲሸጥ የሚፈልግ ሰው ዝም ብሎ ቢተዋት ይበቃው ነበር። እሷ ራሷ አበላሽታ ትጨርስለት ነበር። እሱ ዝም አላለም።

«አሁን ማጥበቅ ይቻላል?» አለች እዚያው እንደተኛች።

«ይቻላል። ሰው ቢቀመጥበት ደግሞ ይሻላል፤ ክብደት ይኖረዋል።»

የኋላ በር ሲከፈት ሰማች። ሰውየው እንደ እንግዳ ጥግ ይዞ ሊቀመጥ ነው።

«ከፊት ይግቡ» አለች።

«ከፊት የት?»

«መሪው ጋ።»

አባቷ ከሞተ ወዲህ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ የለም፤ እሷም አልደፈረችም። እናቷ ወደ በረንዳው ብቅ ብላ ቆመች።

የፊት በር ቀስ ብሎ ተከፈተ። መኪናው በሰውየው ክብደት ትንሽ ዝቅ አለ። ቀጮ የሞተሩ ቁልፍ ኪሷ ውስጥ መኖሩን ዳብሳ አረጋገጠች። ከዚያ መፍቻዋን አነሳችና ማጥበቅ ጀመረች።