የእንግዳው አጎበር

ለአልዩ አምባና ለአካባቢዋ ትንኞች በሙሉ! ከዛሬ መግሪብ ጀምሮ በመርከቧ የጣሪያ መስኮት በኩል መግባት በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን። ቀድማችሁ የገባችሁ ካላችሁ፣ ለሚደርስባችሁ ጥፊ ኃላፊነቱን አንወስድም።

ሀምዳን ይህን አዋጅ ያወጀው የመርከቧ ጣሪያ ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ የጎማ ካላማዳሪ ቁራጭ በጥርሱ ነክሶ ስለነበር ግማሹ አልተሰማም።

መርከቧ አሮጌ አውቶቡስ ናት። ሞተሯም ጎማዎቿም ተሸጠው አልቀዋል። አንድ ክረምት ጎርፍ ዙሪያዋን ከቧት ንቅንቅ ሳትል በመክረሟ ይህ ስም ወጣላት። ጣሪያዋ ላይ ሶላር አለ፤ ሶላሩ አንድ አምፖል ያበራል፤ አምፖሉ ሥር የስምንተኛ ክፍል ተፈታኞች ማታ ማታ ያጠናሉ። የጣሪያው መስኮት ክዳን ግን ከጠፋ ቆይቷል፤ ስለዚህ ለጥናት ቀድመው የሚገኙት ሁልጊዜ ትንኞች ናቸው።

«ኖኅ እንኳ ከሁሉም ሁለት ሁለት አስገብቷል» አለ ኃይለኢየሱስ፣ አጎበሩን ከውስጥ ወጥሮ እየያዘ። የቄስ ልጅ ነው፣ ራሱም ዲያቆን ነው፤ የመርከብ ነገር ከተነሳ እሱን የሚቀድመው የለም። «አንተ ትንኝን ለይተህ የምትከለክል ማን ነህ?»

«ነቢዩ ኑሕ ሚኒስትሪ አልነበረባቸውም። ያዝ በደንብ!»

ሀምዳን ካላማዳሪውን በመስኮቱ ከንፈር ዙሪያ ለጥጦ አሰረው። መረቡ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጠረ። የጎኖቹን መስኮቶች ጠዋት ጨርሰዋቸዋል።

«ቆይ ግን ሀምዴ፣ ይሄን የመሰለ አዲስ አጎበር ከየት አመጣኸው?»

ሀምዳን ቋጠሮውን አጠበቀ። አጎበሩ የእንግዳ ነበር።

አጎበር ሲታደል እናቱ ነሲባም ተቀብላለች። ተቀብላ ከነላስቲኩ ሳጥን ውስጥ፣ ከሻይ ብርጭቆዎቹ ጋር አስቀመጠችው። «እንግዳ ቢመጣስ?» ነው ነገሩ። እሷ ብቻ አይደለችም፤ የሰፈሩ እናቶች ሁሉ እንዲሁ ናቸው። በአልዩ አምባ ገና ያልመጣ እንግዳን ያህል ከወባ የተጠበቀ ሰው የለም።

መንትያው ሙስሊማ ግን እንግዳ አይደለችም። የምትተኛበት አሮጌ አጎበር ቀዳዳው ትንኝ ይቅርና ድመት ያሳልፋል። ዘንድሮ ብቻ ሁለቴ ወባ ጥሏት ትምህርቱ አልፏታል፤ በቀረው ጊዜ ካልደረሰችበት ክፍል ልትደግም ነው። ለማጥናት መብራት ያለው መርከቧ ውስጥ ነው። እናቷ ደግሞ «ትንኝ ባለበት ከመግሪብ በኋላ ንቅንቅ የለም!» ብላለች። ሀምዳን «እማ፣ አዲሱን እናውጣላት» ብሎ ለምኖ ነበር። «እንግዳ ቢመጣስ?» ተባለ።

ስለዚህ ትናንት እናቱ ገበያ ስትሄድ ሳጥኑን ከፈተ። መቀሱንም ያዘ።

«ኧረ ያንን ሰውዬ እየው!» ብሎ ኃይለኢየሱስ በመስኮት ሳቀ። «በዚህ ሙቀት ብርድ ልብስ!»

ሀምዳን ቀና አለ። ከሚኒባስ የወረደ ወፍራም ሰው ብርድ ልብስ በብብቱ ይዞ ላቡን እየጠረገ ወደ እነሀምዳን ቤት ይሄዳል። የአባቱ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ጋሼ ፈረጅ፣ ከደብረ ብርሃን።

እንግዳው መጣ።

ሀምዳን ቤት ሲደርስ ጋሼ ፈረጅ ገና በቀን ትንኝ ሊገድሉ አንገታቸውን በጥፊ ይመታሉ። አባቱ እንደልማዱ ለንግድ ቆላ ወርዷል።

«ይቺ ልጅ ምነው እንዲህ ከሳች?» አሉ ሙስሊማን እያዩ። «ሁለቴ ወባ ያዛት ብለው ነገሩኝ። አጎበር አልታደላችሁም እንዴ ነሲባ?»

«ኧረ ታድለናል ጋሼ! ዛሬ እርስዎ የሚተኙበት ራሱ አዲስ ነው» አለች ነሲባ፤ ልታሳያቸውም ወደ ሳጥኑ ሄደች።

ብርጭቆዎቹ ተንኳኩ። ባዶውን ላስቲክ ይዛ ዞረች።

«ሀምዳን!»

«መርከቧ ላይ ነው» አለ ሀምዳን። «ቆርጬዋለሁ።»

«ምን አልክ?» ጋሼ ፈረጅ ብድግ አሉ። «ሰው የሚተኛበትን አጎበር ለአውቶቡስ? ወላሂ ይሄ ልጅ ጤነኛ አይደለም! ለምን ቆረጥከው?»

መልሱ ምላሱ ላይ ነበር። ሙስሊማ ስትንቀጠቀጥ አጎበሩ ከብርጭቆ ጋር ተኝቶ ነበር። ይቺን ቢል ነፃ ይወጣል። አጎቱም የእናቱን ወሬ ይዘው ለአባቱ፣ ከዚያም ደብረ ብርሃን ላለው ዘመድ አዝማድ ሁሉ ያደርሱለታል።

እናቱን አያት። ላስቲኩን ደጋግማ ታጥፈዋለች፤ ከእንግዲህ የሚታጠፍ ነገር አልቀረውም። ዓይኗ ሙስሊማ ላይ ነው።

አዛን ተሰማ። ሰግደው ሲጨርሱ ሙስሊማ መጽሐፏን አንስታ በሩ ጋ ቆመች።

«እማ፣ መርከቧ ተሸፍናለች። ልሂድ?»

ነሲባ ላስቲኩን ሳጥኑ ላይ አስቀመጠችው።

«ሂጂ» አለች ቀስ ብላ።

«እኮ እኔስ የት ልተኛ ነው?» አሉ ጋሼ ፈረጅ።

«ጥናት ሲያልቅ መርከቧን እንለቅልዎታለን» አለ ሀምዳን። «ትንኝ አይገባባትም። ብርድ ልብስም ይዘዋል።»

«ታሾፍብኛለህ? አንተን እኮ ነው! ለምን ቆረጥከው? አስረዳኝ!»

ሀምዳን ደብተሩን በብብቱ ሸጉጦ እህቱን ተከተለ። ደፉ ላይ ሲደርስ ዞረ።

«ቆርጬዋለሁ ጋሼ። አላስረዳም።»