ምርጫው የሼፉ ነው

ይርገዱ ከባሕር ዳርቻ በተቀመጠች ቁጥር ወንበሯን አዙራ ጀርባዋን ለውሃው ትሰጣለች። ከሞምባሳ በስተደቡብ ባለችው በዚያች የመዝናኛ ከተማ ሌሎቹ እንግዶች ሁሉ ፊታቸውን ወደ ውቅያኖሱ መልሰው ሲንጋለሉ፣ እሷ ከሆቴሉ ግድግዳ ጋር ተፋጥጣ ሻይዋን ትጠጣለች። የመርከብ መሐንዲስ የነበረውን ባሏን ዘለቀን ይኸው ባሕር በልቶባታል። አስከሬኑ አልተገኘም። ዘመዶቿ ተዝካሩን አውጪ፣ እርምሽን አውጪ እያሉ ቢመላለሱባትም «ሬሳ ሳላይ አላለቅስም» ብላ ሁሉንም ከደጇ መልሳለች። ቴሌ ውስጥ የውጭ አገር ጥሪ አገናኝ ሆና ስትሠራም እንዲሁ ነበረች፤ አለቆቿ «መስመሩ ሞቷል፣ ተዪው» ሲሏት፣ በፉጨቱና በጩኸቱ መሀል የሰው ድምፅ እስክታገኝ ጆሮዋን ከማዳመጫው አትነቅልም ነበር።

ወደዚህ ያመጣቻት ናይሮቢ የምትሠራው አንድ ልጇ፣ ብሌን ናት። እናቷን ከባሕሩ ጋር ማስታረቅ ነበር ሐሳቧ። አልሆነም። የእረፍታቸው ቀን ሊያልቅ ሲል ግን ሌላ ነገር ይዛ መጣች።

«ዛሬ ራት የጃፓን ምግብ ቤት ነው የምጋብዝሽ» አለቻት። «ሜኑ የለውም። ቁጭ ትያለሽ፣ ሼፉ የመረጠልሽን ትበያለሽ፤ በቃ።»

«እኔ የምበላውን ሰው መርጦልኝ አያውቅም።»

«ለዛሬ ብቻ፣ እማዬ። ለኔ ስትይ።»

ለብሌን ስትል የማታደርገው ነገር አልነበረም። ሄደች።

ቤቱ ከከተማዋ ጫፍ፣ አለት ላይ የተሠራ ዝቅ ያለ የእንጨት ቤት ነው። ውጭው ገና ብርሃን ቢሆንም መስኮት የሌለው ውስጡ ጨልሟል፤ መብራት የሚያርፈው ነጣ ካለው ረጅም ባንኮኒ ላይ ብቻ ሲሆን፣ ከባንኮኒው ማዶ ራሱን የተላጨ አንድ አዛውንት ጃፓናዊ እጆቹን አጣምሮ ቆሟል። ይርገዱ የዓሣ ሽታ ጠብቃ ነበር። ያወዳት ግን የኮምጣጤና የትኩስ ሩዝ ሽታ ነው፤ ከዚያ ሥር ደግሞ ቀስ እያለ የሚመጣ ሌላ ሽታ አለ፣ ተቆልፎ የከረመ የልብስ ሳጥን ሲከፈት የሚወጣው ዓይነት። ከወለሉ በታች ማዕበሉ በአለቱ ስንጥቅ ሲገባና ሲወጣ ስለሚሰማ፣ ቤቱ ራሱ አየር የሚስብና የሚተፋ ይመስላል።

«ጥሬ ነው እኮ» አለች ብሌን እየሳቀች። «አይዞሽ።»

«ጥሬ ሥጋ በቢላዋ እየቆረጥን ያደግን ሰዎች ነን። ዓሣ አያስደነግጠኝም።»

በቀኟ ነጭ ረጅም ቀሚስና ጥልፍ ቆብ ያደረጉ የአገሬው ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ፋራጅ እባላለሁ አሏት በእንግሊዝኛ። ዓይናቸው ሥር አብጧል። ልጃቸው ሳሊም ለዓሣ ወጥቶ ከነጀልባው እንደቀረ፣ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እንዳጡ፣ ጎረቤት «እዚያ ቤት ሄደህ ብላ፣ ይቀልልሃል» ብሎ እንደላካቸው ነገሯት።

«የኔም ባል እንደዚያው ነው» አለች ይርገዱ። «ይቅለለኝ ግን አላልኩም።»

ሼፉ አንድ ዓሣ አወጣና ጣውላው ላይ አጋደመው። ከመቁረጡ በፊት ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ ዓሣው አስጠጋ። ይርገዱ ያንን አጎነባበስ ታውቀዋለች፤ መስመር የሚጠብቅ ሰው አጎነባበስ ነው። ቢላዋው ሲያልፍ አንድ ቀጭን ድምፅ ሰማች፣ የሕፃን ሳቅ የመሰለ፣ ከሩቅ፣ ከብዙ ሽቦ ማዶ። ዞር ብላ ብታይ በቤቱ ሕፃን የለም። ሌላ ማንም ቀና አላለም። ሼፉ ከሩዙ ጋር የተጣበቀችውን ሮዝ ቁራጭ ፊቷ አኖረ፤ አፏ ውስጥ ስታስገባት ሳትታኘክ ቀልጣ ጠፋች። እንዲህ ያለ ጣዕም በዕድሜዋ ቀምሳ አታውቅም።

ለብሌን ሲቆርጥ ግን ጎንበስ አላለም።

«አገጬን የተፈነከትኩ ጊዜ ትዝ ይልሻል?» አለች ብሌን። «ከቴሌ ደረጃ ወድቄ፣ አዝለሽኝ እስከ ሆስፒታል የሮጥሽው?»

ይርገዱ የልጇን አገጭ አየች። ጠባሳ አለ። ደረጃውም ትዝ አላት፣ የብረት መደገፊያው ቀዝቃዛነት ሳይቀር። ጀርባዋ ላይ ግን ማንም አልነበረም። «አዎ፣ አዎ» አለች፤ ዕድሜ ነው ብላ አለፈችው።

ሁለተኛው ነጭ ዓሣ ነበር። ሼፉ አዳመጠ፣ ቆረጠ። በዚህኛው ድምፅ ውስጥ አንዲት ትንሽ ልጅ ፊደል ትቆጥራለች፤ ሀ ሁ ሂ እያለች፣ ሐመሩ ሐ ላይ ስትደርስ ተደናቅፋ እንደገና ትጀምራለች። ይርገዱ የምታውቀው ድምፅ መሰላት። ከየት እንደሆነ ለማስታወስ እየጣረች ሳለ እጇ ቁራጩን አንሥቶ አጎረሳት። ከዚያ በኋላ ምን ለማስታወስ ትጥር እንደነበር ጠፋት።

ሦስተኛው ጠቆር ያለ፣ ዘይታም ነው። ሲቆረጥ አንድ የጎልማሳ ሴት ድምፅ «እማዬ» ብሎ ተጣራ፤ ጥርት ያለ፣ ጆሮ ሥር። ይርገዱ ወደ ግራዋ ዞረች። አጠገቧ የተቀመጠችው ወጣት አፏ ተገጥሞ በትኩረት ሼፉን ትመለከት ነበር። ቁራጩ ሞቃት ነው፣ የሰው እጅ ያህል። ዋጠችው።

ቀና ስትል ከፋራጅ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። የዓይናቸው እብጠት ጎድሏል፤ ፊታቸው ታጥቦ እንደተሰጣ ጨርቅ ለስልሷል።

«የሳሊምን ነፍስ እግዜር ይማር» አለቻቸው፣ የምትለው ቢጠፋት።

«ሳሊም ማን ነው?» አሉ ፈገግ ብለው።

«ልጅዎ ነዋ!»

ሽማግሌው በትሕትና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጅ አልታደልኩም፣ እመቤት። ብቸኛ ሰው ነኝ።» ወደ ሳህናቸውም ተመለሱ።

 ይርገዱ ወዲያው ገባት፤ የቀለላቸው እንዴት እንደሆነ፣ በዚህ ባንኮኒ የሚበላው ምን እንደሆነ። ዘለቀን ፍለጋ ወደ ውስጧ ሮጠች። የተሸረፈ የፊት ጥርሱን፣ የናፍጣ ሽታ የማይለቀውን እጁን፣ ከአሰብ ሲደውል «ሃሎ ቀበጥ» የሚላትን አንድ በአንድ ዳሰሰች። ሁሉም ቦታው አለ። አልነኩባትም።

ሼፉ አራተኛውን ዓሣ አጋደመ። ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። ቢላዋው ገና ቆዳውን ሲነካ፣ በማዕበልና በሞተር ጩኸት መሀል፣ ያ የሻከረ ሳል ተሰማ፤ ዘለቀ ስልክ ላይ ከመናገሩ በፊት ሁልጊዜ የሚስለው ሳል። ቁራጩ ፊቷ ተቀመጠ።

«አልበላም» አለች።

 ከወለሉ ሥር ያለው ባሕር የሳበውን አየር ያዘ።

«ምርጫው የእኔ ነው» አለ ሼፉ ዝግ ባለ እንግሊዝኛ።

«የሌላውን ምረጥ! ይኼን ግን ባሕሩ ወስዶ ሊጨርሰው አልቻለም፣ ዘመድ አልቻለም፣ አንተም አትችልም!» ሳህኑን በመዳፏ ጠረገችው፤ መሬት ላይ ወድቆ ተሰበረ። ቁራጩ ወለሉ ላይ ተንሸራትቶ ጨለማው ውስጥ ገባ።

ሼፉ አልተቆጣም። ቢላዋውን በጨርቅ ጠርጎ አስቀመጠና ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣት። «ግድ የለም፣ እመቤት» አለ። «ለእርስዎ የመረጥኩትን ጨርሰዋል።»

አልሰማችውም፤ ወይም ለመስማት አልቆመችም። በሩን በርግዳ ወጣች። ውጭ ሰማዩ ቀልቶ፣ የዘንባባው ቅጠል በነፋስ ይንኮሻኮሻል። አስፋልቱን ይዛ ደረቷን ነፍታ ሄደች፣ ስሙን ጮክ ብላ እየጠራች፤ ዘለቀ! ጥርሱን፣ እጁን፣ ሳሉን እየቆጠረች። ልቧ እንደ ልጃገረድ ይዘላል። አንድ ነገር አላጎደሉባትም። የሚጠብቃት ሰው ባይኖራትም፣ ያላትን ይዛ ወጥታለች።

ከኋላዋ የሩጫ ኮቴ ሰማች። ከባንኮኒው አጠገቧ የነበረችው ወጣት ናት፤ እንባዋ ባገጯ ጠባሳ ላይ እየወረደ፣ ነጠላ በእጇ ይዛ ታለከልካለች።

«እማዬ! ምን ሆነሽ ነው? ጥለሽኝ የት ትሄጃለሽ? ነጠላሽንም ረሳሽው!»

ይርገዱ በሰው አገር የአገሯን ልጅ፣ ያውም እንዲህ የታረመች ልጅ በማግኘቷ ደስ አላት፤ ነጠላዋን ተቀብላ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችና የልጅቷን ጉንጭ ዳበስ አድርጋ «ተባረኪ፤ አንቺን የወለደች እናት እንዴት የታደለች ናት» ብላት መንገዷን ቀጠለች።