ማንም ያላያቸው አስር አስፈሪ ፊልሞች... እና እህቴ ጨርሳ ያየችው አንዱ

ይህ የሆነ ነገር ነው። ባታምኑም ግድ የለኝም። አምና አንደኛ ያወጣሁትን ፊልም እንኳ ከፍታችሁ ያላያችሁ ሰዎች የእናንተ ማመን ምን ያደርግልኛል?

ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ተኩል ነበር። ቦታው የእኔና የእህቴ ሳሎን። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ወለሉን ሞልታዋለች። ጎረቤት ያለው ብየዳ ቤት ብረት ይቆርጣል።

መብራት አልጠፋም። በር ሲጥ አላለም። ውሻ አላላዘነም።

ይህን ቀድሜ የምነግራችሁ እንድታውቁት ነው። ጨለማ የሚያበዙ ዳይሬክተሮች ሁሉ ሌላ የሚያሳዩት ነገር የሌላቸው ናቸው።

ለአዲሶቹ ልንገራችሁ። በየዓመቱ መጨረሻ ማንም ዞር ብሎ ያላያቸውን አስር አስፈሪ ፊልሞች መርጬ እዚህ ቻናል ላይ ደረጃ አወጣለሁ። ደንቤ አንድ ነው፤ ከመቶ ሰው በላይ ያየው ፊልም አይገባም። መቶ ሰው የተስማማበትን ነገር ምን ላድርገው?

እንጀራዬ ግን የሠርግ ቪዲዮ መቁረጥ ነው። የስምንት ሰዓት ሠርግ ይመጣልኛል፣ አንድ ሰዓት አድርጌ እመልሳለሁ። ሙሽራዋ ስታለቅስ፣ አጎትየው ሲጨፍር፣ ሁሉንም በሁለት እጥፍ ፍጥነት ነው የማየው። በልኩ ካየሁት እንቅልፌ ይመጣል።

ፊልሞቹንም እንደዚያው ነው የማያቸው።

አዎ፣ በሁለት እጥፍ። እስቲ ተንጫጩ።

ይህን የምትቃወመኝ እህቴ ብቻ ናት። ታላቄ ናት። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እታለም ነው የምላት። እሷ መስኮቱ ስር መጋረጃ ትሰፋለች፣ እኔ ጥግ ላይ ኮምፒውተሬን ታቅፌ እቀመጣለሁ። ስንት ዓመት እንዲህ ኖርን።

"አንተ ችኩል፣ ሰው ለፍቶ የሠራውን እንዲህ ታሯሩጠዋለህ?"

"የማየው ልፋቱን አይደለም እታለም። ውጤቱን ነው።"

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።"

ለእሷ መጥፎ ፊልም የሚባል የለም። በሁሉም ታዝናለች። ጭራቁ ሲገደል እንኳ "እናት የለችውም ይሆን?" ትላለች። እኔም እስቅባታለሁ። እስቅባት ነበር።

የዘንድሮውን ዝርዝር ቶሎ ቶሎ ልበላችሁ።

አስረኛ፣ ሰው የሚውጥ ሊፍት። ከተዋናዮቹ ሁሉ የተሻለ የሚተውነው ሊፍቱ ነው። ዘጠነኛ፣ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ከመሬት በታች የሰው ሳል ይሰማሉ። ሐሳቡ ድንቅ ነው፤ ጅሉ ዳይሬክተር ግን መጨረሻ ላይ የሚያስለውን አውጥቶ አሳየን። ጎማ የለበሰ ሰው ነው። ስምንተኛና ሰባተኛ አንድ ፊልም ናቸው፣ ሁለት ሰው ሠራቸው እንጂ። ስድስተኛው ላይ ሦስት ጊዜ ከልቤ ሳቅሁ። ኮሜዲ ግን አይደለም።

አምስተኛው... 

ጣጣው አምስተኛው ላይ ነው።

"ምሳ ጠባቂዎቹ" ይባላል። ያየው ሰው ብዛት አሥራ አንድ። ሊንኩን የላከልኝ ራሱ ዳይሬክተሩ ነው፣ ሰላምታ እንኳ የለውም።

ፊልሙ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው። ካሜራው አንድ ቦታ ተተክሎ አይነቃነቅም። ስድስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ምሳ ይጠብቃሉ። ያወራሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ደጋግመው ሰዓት ያያሉ። በቃ። ይህን ለመሥራት ሰው ካሜራ ይከራያል?

እንደ ልማዴ በእጥፍ ለቀቅኩት። ሰዎቹ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳሉ፣ ድምፃቸው እንደ ጫጩት ይንጫጫል።

ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ከጀርባቸው በር ተከፈተ። አንዲት ሴትዮ ገባች። ጨርቅ የለበሰ ሰሃን ይዛለች።

እሷ አትርመሰመስም።

እንደ ማንኛውም ሰው ነው የምትራመደው። ሌላው ሁሉ በእጥፍ እየሮጠ... እሷ በልኳ።

ፍጥነቱን ወደ ትክክለኛው መለስኩት። ስድስቱ ሰዎች ሰው ሆኑ። ሴትዮዋ ግን ደረቷ ድረስ ውሃ ውስጥ እንዳለች ሆነች። አንዱን እግር አንስታ እስክታስቀምጥ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኳት።

ብልሃቱ ገባኝ፣ ሥራዬ ነው። ሴትዮዋን ለብቻዋ ቀርጾ፣ አዘግይቶ፣ ለጥፏታል። የሠርግ ቪዲዮ ላይ እኔም እሠራዋለሁ።

ብቻ... ጥላዋ የአንዱ ሰውዬ ትከሻ ላይ ሲያርፍ፣ ሰውዬው እንደበረደው ሰው ኮቱን ሰበሰበ።

ጠረጴዛው ጋ ለመድረስ ሁለት እርምጃ ሲቀራት ፊልሙ አለቀ።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ዳይሬክተሩ አንድ ብልሃት አለው። እሷንም ለመጨረስ ጉልበት አጥቷል።" ረክቼ ተኛሁ።

በማግስቱ ያለቀ ሠርግ ላደርስ ወጣሁ። ስመለስ እታለም ኮምፒውተሬ ፊት ተቀምጣለች። ፊልሙን አይታ ጨርሳለች። በልኩ ፍጥነት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ።

"ደረሰች እኮ" አለችኝ።

"ማን?"

"ሴትዮዋ። ጠረጴዛው ጋ።"

"አትደርስም እታለም። ሁለት እርምጃ ሲቀራት ያልቃል።"

"ደረሰች እያልኩህ። ሰሃኑን አስቀመጠችው። ጨርቁንም አነሳችው።"

"እሺ፣ ምን ነበረበት?"

መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች።

"እርቧቸው ነበር፣ ምስኪኖች" አለች ብቻ።

ፊልሙን ከፍቼ መጨረሻው ላይ ሄድኩ። ሁለት እርምጃ። አለቀ። "እንቅልፍ ሸለብ አድርጎሽ ነው" ብዬ ሳቅሁባት።

አልሳቀችም። አልተቆጣችምም።

ስምንት ሰዓት ተኩል ያልኳችሁ ከዚያ በሦስተኛው ቀን ነው።

ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ ሠርግ እቆርጣለሁ። ደከመኝና አወለቅኩት። ብየዳ ቤቱ ለአፍታ ጋብ ብሏል። የስፌት መኪናዋ ድምፅ የለም።

ከዚያ... ጠቅ።

ጠበቅሁ። 

ቆየ። በጣም ቆየ።

ጠቅ።

ዞር አልኩ። እታለም መኪናዋ ላይ አጎንብሳለች። እግሯ መርገጫው ላይ ነው፤ እየረገጠች ነው። መርፌው ወደ ጨርቁ እየወረደ ነው። ሲወርድ ግን በዓይን አይታወቅም። እንደ ሰዓት ቆጣሪ ነው፣ ዞር ብለህ ስትመለስ ነው መሄዱን የምታውቀው።

"እታለም?"

ቀና ማለት ጀመረች። ፊቷ እኔ ጋ እስኪደርስ ብየዳ ቤቱ ሁለት ብረት ቆርጦ ጨረሰ።

"አ... ... ቤ... ..."

"ት" የምትለዋ ስትመጣ እኔ ወንበሬን ገልብጬ ቆሜያለሁ።

ሐኪም ቤት ወሰድኳት፣ ግማሹን ተሸክሜ። ሐኪሙ ዓይኗን በባትሪ አየ፣ ግፊቷን ለካ፣ ጉልበቷን በመዶሻ መታ መታ አደረገና ሳይጠብቅ መዶሻውን አስቀመጠ። እኛ በሩን ስንወጣ ነው እግሯ የተስፈነጠረው።

"ድካም ነው። ዕድሜም አለ። ትረፍ።"

"ዶክተር፣ ስሟን ለመናገር ስድስት ደቂቃ ፈጀባት እኮ!"

"አንዳንድ ሰው ተፈጥሮው ዝግ ያለ ነው።"

ይህን ሰውዬ ዝርዝሬ ውስጥ ባስገባው አሥራ አንደኛ ይወጣ ነበር።

ለዳይሬክተሩ ጻፍኩለት። ወዲያው መለሰ።

"በስንት ፍጥነት አየኸው?"

"በሁለት እጥፍ።"

"ደህና።"

"እህቴ ግን በልኩ ነው ያየችው።"

ቆየ... 

"እስከ መጨረሻው?"

"አዎ። ሴትዮዋ ደርሳለች ትላለች። ምንድነው ይሄ? ምን ላድርግ?"

እየጻፈ እንደሆነ ያሳያል። ያቆማል። እንደገና ይጽፋል። አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲህ ሆነ። በመጨረሻ ገጹ ራሱ ጠፋ። ወትሮም መጨረስ አይችልም።

ሊንኩን እዚህ አላስቀምጥም። ፈልጋችሁ ካገኛችሁት ግን ለአንድ ጊዜ እንኳ የእኔን ምክር ስሙ። አሯሩጡት።

እታለም ከቀን ወደ ቀን ብሶባት ሄደ። ጠዋት ማንኪያ ብታነሳ አፏ ጋ ሳይደርስ ይመሻል። እኔ ላጉርሳት ስል ከንፈሯ አይከፈትም። ውሃውም በአገጯ ይወርዳል። እህቴ ዓይኔ እያየ በረሃብ ልትሞትብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። እኔ፣ በአስፈሪ ፊልም የምስቀው ሰውዬ፣ እግሯ ስር ተንበርክኬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

"ዋጪው እታለም... በእናትሽ... አንዴ ብቻ ዋጪው..."

አንድ ቀን። ሁለት ቀን። አራት ቀን። እህል አልቀመሰችም።

ፊቷ ግን ወዛ። ጉንጯ ሞላ።

አምስተኛው ቀን ላይ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ከንፈሯ ቅርጹ ከጠዋቱ ተለውጧል። እያወራች ነበር።

ታዲያ የእኔ ሥራ ምንድነው? ረጅሙን ማሳጠር አይደል?

ካሜራዬን መቆሚያው ላይ ሰቅዬ ሳሎን ጥግ ተከልኩት። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት አላጠፋሁትም። ቀኑን ሙሉ ስሯሯጥ ዋልኩ። ውሃ አመጣለሁ፣ ስልክ እደውላለሁ፣ ልብሷን አስተካክላለሁ፣ ከበር መስኮት እመላለሳለሁ። ያን ቀን አንድ ጊዜም አልተቀመጥኩም። ምግብም አልነካሁም። ዛሬም ድረስ አልነካሁም፤ ሦስት ቀኔ ነው፣ አይርበኝም።

ቪዲዮውን ከፈትኩት። 

በእጥፍ... ድንጋይ ናት። በስምንት እጥፍ... ትንሽ ትወዛወዛለች። በሠላሳ እጥፍ አንገቷ ዞረ።

በስድሳ እጥፍ እህቴ ተመለሰች።

እንደ ድሮዋ ናት። ትስቃለች፣ እጇን ታወናጭፋለች፣ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታጥፋለች። ደስ ብሏታል። እሷ ዙሪያ ደግሞ አንድ ጭጋግ የመሰለ ነገር ውር ውር ይላል፣ እንደ ዝንብ። እኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ስለምናት የዋልኩት እኔ። አንዴ በእጇ እሽ አለችኝ፣ ከፊቷ ለማባረር።

ድምፁን ከፈትኩት። የእኔ ልመና ሲጥጥጥ ይላል፣ ቃል የለውም። የእሷ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል።

"ቀስ እያልክ። ማን ያባርርሃል? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

ለማን ነው የምትለው?

ጠረጴዛው ላይ ያን ቀን መቀስና ክር ብቻ ነበር፣ እምላለሁ። ቪዲዮው ላይ ግን ሰሃን አለ። ጨርቁ ተነስቷል። እታለም ትከሻዋን ወደ ካሜራው አዙራ ስለተቀመጠች በሰሃኑ ያለው አይታይም። እየቆረሰች ከጎኗ ላለው ወንበር ታቀብላለች።

ጎንበስ ስትል ወንበሩ ታየ።

ሰው ተቀምጦበታል። አይሮጥም፣ አይርመሰመስም፣ ጭጋግ አይደለም። ጥርት ብሎ፣ በልኩ፣ ያን ቀን የለበስኩትን ሸሚዝ ለብሶ፣ አፉን ሞልቶ ያኝካል።

እኔ ነኝ።

እታለምም የሻሿን ጫፍ በምራቋ አርሳ፣ ልጅ ሆኜ እንደምታደርገኝ፣ አገጬን በአንድ እጇ ይዛ አፌን ትጠርግልኛለች።