አንዴ ብቻ የተለካ

ሐይቅ ከተማ መናኸሪያ አጠገብ ካሉት ስልክ ጠጋኞች ሁሉ ምላሷ የሚፈራው ፈዲላ ናት። ስምንተኛ ክፍልን ሳትጨርስ የአባቷን የኑርዬን ሱቅ ይዛ ቀረች። ሃያ ዓመት ሞልቷት እንኳ «ትምህርት ተወኝ እንጂ እኔ አልተውኩትም» ትላለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ኡበይድ የመጣው አንድ ቅዳሜ፣ በሰኔ ዝናብ ነው። ቀጭን፣ ባለ መነጽር፣ ጫማው ጭቃ በጭቃ። ስልክ ሊያሠራ መስሏት እጇን ዘረጋች። እሱ ግን የሞተ ባትሪ ካላት ጠየቃት።

«ለቀብር ነው?» አለችው።

ሳቀ። ሲስቅ መነጽሩን ያወልቃል። ከዚያን ቀን ጀምሮ መነጽር የሚያስወልቅ ወሬ መፈለግ ሥራ ሆነባት።

አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ደሴ ሁለተኛ ዲግሪውን ይማራል። ጥናቱ ባትሪ ነው። በየቅዳሜው እየመጣ፣ ያበጡ ባትሪዎቿን እየለቀመ፣ በካርቶን ላይ እየሣለ ያስረዳታል። በባትሪው ውስጥ ያለው ሊቲየም ቻርጅ ሲደረግ ከቤቱ ይወጣል፣ ስልኩ ሲሠራበት ይመለሳል። ያ ቤት ካቶድ ይባላል። ሲወጣ ሲገባ ግድግዳው ይሰነጠቃል፤ ባትሪው የሚሞተው ያኔ ነው። እሱ ታዲያ ካቶዱ ገና ሲዘጋጅ ትንሽ አሉሚኒየም ይጨምርበታል። ዶፒንግ ይሉታል።

«ሯጭ የሚያስቀጣው?»

መነጽሩን አወለቀ። «አሉሚኒየሙ ራሱ ኃይል አይሰጥም፤ ግድግዳውን ይይዛል። ሲበዛ ግን የባትሪውን አቅም ያሳንሳል።»

«እንደ አማት» አለች።

ምን እንዳለች የገባት ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እሱ ያያታል፤ እሷ ካርቶኑን ታያለች። ዓይኑ ሲከብዳት፣ ግድግዳው እንደሚይዝ በምን እንደሚያውቅ ጠየቀችው።

«አምስት መቶ ጊዜ ቻርጅ አድርጌ፣ ጨርሼ እለካዋለሁ። አንዴ በታየ ነገር አላምንም።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ራሱ የሠራትን፣ የልብስ ቁልፍ የምታክል ባትሪ ሰጣት። ሰው ቀለበት ይሰጣል፣ ይሄ ባትሪ ይሰጣል ብላ አሾፈችበት። እሱ አልሳቀም።

«ሽማግሌ ልላክ?»

ያ ሁሉ ምላስ የት እንደገባ እንጃ። «ቴስተሩን አቀብለኝ» አለችው፤ የባትሪ መለኪያዋን። ሲያቀብላት ጣቶቿን ነካ፤ አልሸሸችም። ገባው።

የሐይቁን ሸህ አብዱልከሪምን ለምኖ ላከ። ሦስት ሆነው እሁድ ከአስር ሰላት በኋላ መጡ። ኑርዬ በክብር አስቀምጦ ሰማቸውና «ልጄ ገና ናት፤ አልሰጥም» አለ።

እንዲያ ነው የሚባለው። በመጀመሪያ ጥያቄ የተሰጠች ልጅ የተጣለች ትመስላለች። ሽማግሌ እምቢታውን ይዞ ይሄዳል፣ በሳምንቱ ይመለሳል፣ ያኔ ይመረቃል። እናቷ ራዚያማ ሽማግሎቹ ከደጅ ሳይወጡ የሚታረደውን በግ መርጣለች።

ቅዳሜ ኡበይድ አልመጣም። በስልክ አንዲት መልእክት ብቻ ላከ፤ «የአባትሽን ቃል አከብራለሁ» የምትል። ፈዲላ ሦስቴ አነበበቻት። መቼም ነገ ሽማግሎቹ ይመጣሉ፣ ነገሩ ያኔ ይገባኛል ብላ ተወችው።

እሁድ ኑርዬ ንጹህ ጀለቢያውን ለብሶ እስከ መግሪብ ሰላት በረንዳ ላይ ተቀመጠ። ማንም አልመጣም። የሚቀጥለውም እሁድ እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ ጀለቢያውን አልለበሰም፤ በጉም ገበያ ወጣ።

ፈዲላ ቀኑን ሙሉ የምትይዘው ስልክ ነው። አንዴ መደወል ነበር። ግን ልጅቱ ራሷ «ና ድገም» ብላ ጠራችው ቢባልስ? ደግሞስ የፈለገ አይደግምም? በሰው ሁሉ ላይ የሚፈታ ምላሷን፣ በሚያስፈልጋት ቀን ቆልፋ ያዘችው።

ሸህ አብዱልከሪም የሴት ልጅ ጉዳይ በመንገድ አያወሩም። በጥቅምት ስልካቸው ወድቆ ባይሰበር ዛሬም አይናገሩም ነበር።

«ያ ልጅ ለትምህርት ኮሪያ ሄደ አሉ» አሏት። «ተመልሰን እንሂድ፣ አብሽር ብዬው ነበር። ‹አባትየው እምቢ ብለዋል፤ ሰው ደጋግሞ ማስጨነቅ ነውር ነው› አለኝ። የከተማ ልጅ ነው፣ ደንቡን ምን ያውቃል፣ የኔ ልጅ።»

ፈዲላ የስልኩን መስታወት እየለጠፈች ነበር። አጣማ ለጠፈችው። ነቅላ እንደገና ለጠፈችው።

«አምስት መቶ ጊዜ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ሒሳብ የለውም ሸሆች። ይውሰዱት።»

ዘንድሮ ከውጫሌ፣ ለአንድ እህል ነጋዴ ሽማግሌ መጣ። ኑርዬ እምቢ አለ። በሳምንቱ ተመለሱ፤ ደንቡን ያውቃሉ። ምርቃቱ ከሳሎን ሲሰማ ፈዲላ ጓዳ ገብታ ያቺን ትንሽ ባትሪ መርፌ ከምታስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ አወጣች፤ ቴስተሩን አስነካቻት።

ሦስት ነጥብ ሰባት ቮልት። ኃይሏን እንደያዘች ናት።

ራዚያ ልትጠራት መጣች። «ሰዎቹ እየጠበቁሽ፣ ምን ታደርጊያለሽ እዚህ?»

ፈዲላ ቀና አላለችም። ቴስተሩን መልሳ አስነካች።

«እየደገምኩ» አለች።