ሃያ ኪሎ ማር

አውሮፕላኑ ከደመናው በላይ ነው። ድምፁ ይሰማል፤ እሱ ግን አይታይም።

ፈለቀ በሣሩ ማረፊያ ጫፍ ተንበርክኮ እርጥብ ገለባ ላይ ነጭ ጋዝ አፈሰሰ። የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳየውን ጨርቅ የሰኔ ዝናብ ቀዶት ነበር። ከዚያ ወዲህ ለአብራሪው ነፋሱን የሚነግረው ጭስ ነው። ክብሪቱ ሁለት ጊዜ ጠፋበት።

በሦስተኛው ያዘለት።

«ጭስህ ያምራል» አለ ከኋላው አንድ ሰው።

ፈለቀ ክው አለ። ድምፁን ያውቀዋል። እዚህ ሊሰማው የማይገባ ድምፅ ነው።

ዘመድ። አለቃው። «ዘመድ» የምስጢር ስሙ ነው፤ ፈለቀ የሰውየውን እውነተኛ ስም አያውቅም፤ ሰውየው ግን የፈለቀን ያውቃል። በደህንነት መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ይህ የቦንጋ ጫኝ ማን እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ደንባቸውም አንድ ነበር፤ ማረፊያው ላይ በፍጹም አይገናኙም።

«ቀና አትበል። ሥራህን ሥራ» አለ ዘመድ። ረጅም የዝናብ ካፖርት ለብሷል። ከቡናው ጥላ ወጥቶ አንድ ቢጫ ጀሪካን ሣሩ ላይ አስቀመጠ። «ዮሴፍ የሚባለው ማር ነጋዴ በአራት ሰዓቱ በረራ ይሄዳል። ዘጠኝ ጀሪካን አለው። ባንዱ እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። እሱ ማር አይደለም።»

«ዘሩ ነው?»

«ዘሩ ነው። ከላይ ማር፣ ከሥር የማንኪራ ቡና።»

ፈለቀ ሦስት ወር ሙሉ የጠበቀው ይህንን ነው። ማንኪራ ጫካ ውስጥ በሽታ የማይደፍረው ቡና አለ። ባሕር ማዶ ያለ አንድ ኩባንያ ዘሩን በስውር ለማውጣት ሰው ገዝቷል። ከወጣ ባለቤቱ ሌላ ነው፤ የማንኪራ ገበሬ ነገ የአባቱን ቡና ከባዕድ ደጅ ጠንቶ ይተክላል። ዘሩ በየትኛው ጭነት እንደሚወጣ ለማወቅ ሲባል ፈለቀ ስሙን ጥሎ ጫኝ ሆነ።

ዘመድ ጀሪካኑን በእግሩ ነካ አደረገ። «ይሄኛው ውስጥ ያለው የተቀቀለ ዘር ነው። አይበቅልም። ቀይ ጨርቁን ወደዚህ አዙረህ ይሄንን ጫን። የነጋዴውን ነዳጅ ቤት ደብቀው። እኔም አብሬው እሳፈራለሁ። ለማን እንደሚያስረክብ ማየት አለብኝ።»

«እዚህ እኮ ሁሉም ነገር ይመዘናል።»

«ያልታሰበበት መሰለህ? ሃያ ሊትር፣ ሃያ ኪሎ። ጠጠር ጨምሬ ልክ ሃያ አድርጌዋለሁ።»

ፈለቀ ሊናገር አፉን ከፈተ። ዘመድ ቀደመው።

«መስከረም ላይ ህይወትን ታያታለህ። ሰሞኑን በእህትህ ቤት በኩል ሳልፍ አየኋት። የፊት ጥርሷ ወልቋል።»

ጭሱ ወደ እነሱ ዞረ። ፈለቀ ዓይኑን ጠርጎ ቀና ሲል ዘመድ የለም።

ህይወት ልጁ ናት። ሰባት ዓመቷ ነው። ዘመድ ይህን ያለው ለማጽናናት ይሁን ለማስፈራራት ሊለይ አልቻለም።

*

የ1992 ክረምት ለማረፊያው ሠራተኞች ፋታ የሌለው ክረምት ነበር። ጎጀብ ላይ መንገዱ ተደርምሶ ቦንጋ ከጅማ ተቆርጣለች። መድኃኒቱም፣ መምህሩም፣ ኮረሪማውም፣ በሽተኛውም በዚያች ትንሽ አውሮፕላን ሆነ። ደመናው በተከፈተ ቁጥር ትመጣለች፤ አንዳንድ ቀን ሦስት ጊዜ። ሠራተኞቹ ሦስት ብቻ ናቸው። ሬዲዮኑን የሚይዙት ኃላፊው ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ፣ የሚዛኗ አሰለፈች፣ ጫኙ ፈለቀ።

አሰለፈች ጠመኔ ከጆሮዋ አይለይም። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ክብደቱን ትጽፋለች። ሰውንም ትመዝናለች። ማረፊያው አጭር ነው፤ ጫፉ ላይ ገደል አለ፤ ሣሩ ሲረጥብ ደግሞ ጎማ ይይዛል። በአሥራ አንድ ዓመት አንድ የውሸት ቁጥር አልጻፈችም፤ በጭነት ወረቀቷ ላይም ባዶ የቀረ መስመር የለም።

ፈለቀ የዘመድን ጀሪካን ከሚዛን ቤቱ ጀርባ አስቀምጦ የነጋዴውን ዕቃ ያነሳ ጀመር። በዘመድ ስህተት ሊስቅ ምንም አልቀረው። ሰውየው ማር ተሸክሞ አያውቅም። ሰኔ ላይ ፈለቀ ራሱ ለህይወት አንድ ሊትር ነጭ ማር ገዝቶ ሲያስመዝን፣ አሰለፈች ሆዷን ይዛ ነበር የሳቀችበት። «አንድ ኪሎ መስሎህ ነበር? ማር ውሃ ነው እንዴ፣ የአዲስ አበባ ልጅ! ኪሎ ከአራት መቶ ነው።» ህይወትን የእህቴ ልጅ ናት ብሏት ነበር። ጠርሙሱ አሁንም መደርደሪያዋ ላይ መስከረምን ይጠብቃል።

አንደኛው ጀሪካን። «ሃያ ስምንት» አለች አሰለፈች። ጻፈች።

ሁለተኛው። «ሃያ ስምንት።» ነጋዴው ዮሴፍ አጠገቧ ቆሞ እያዛጋ ነው።

ስድስተኛው ቀይ ጨርቅ አለበት። ፈለቀ ቀላል ይሆናል ብሎ በአንድ እጁ ሳበው።

አልተነቃነቀም።

በሁለት እጁ አነሳው። ሚዛኑ ላይ አኖረው። ወገቡ ቀድሞ ነገረው።

«ሃያ ስምንት» አለች።

ማር ነው። ከሥሩ ዘር ቢኖርበት ይቀል ነበር፤ እስከ አፉ ድረስ ማር። ነጋዴው ማር ነጋዴ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። እንግዲያው ዛሬ በዚህ ማረፊያ ላይ ያለው ዘር አንድ ብቻ ነው። እሱም ፈለቀ በገዛ እጁ ተሸክሞ ያመጣው።

ዘጠኙንም አስመዝኖ ወደ ጀርባ ሄደ። የዘመድን ጀሪካን ክዳን ከፈተ። አፉ ላይ በላስቲክ የተቋጠረ ማር ተወትፏል። ጎትቶ አወጣውና ጀሪካኑን አዘነበለው። መዳፉ ላይ ጥቂት ፍሬ ወደቀ።

«ምን ትበረብራለህ?»

አሰለፈች ናት። የሦስት ወር ውሸት አፉ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። አልወጣለትም። መዳፉን ዘረጋላት።

አንዷን ፍሬ አንስታ ነከሰች። የጥርሷ ምልክት ቀረባት እንጂ አልተሰበረችም። ማንኪራ ተወልዳ ያደገች ሴት ናት። ፊቷ ተለወጠ።

«የተቀቀለ ነው ብለውኝ ነበር» አለ ፈለቀ።

«ማን ነው ያለህ? ነገ ብትተክለው ይበቅላል። ጥላ ላይ ተጠንቅቀው ያደረቁት ነው።» ፍሬዋን እንደያዘች አየችው። «ይሄ የጫካችን ነው፣ ፈለቀ።»

«እትዬ አሰለፈች፣ እኔ ጫኝ አይደለሁም።»

«እሱን ካወቅሁ ቆየሁ። የትኛው ጫኝ ነው እንደ አንተ የሰው ፊት የሚያጠና?»

በሦስት አረፍተ ነገር ነገራት። የላከው ሰው እንደከዳ። ያ ሰው አሁን ተሳፋሪ ሆኖ እንደሚመጣ፣ ሽጉጥ እንደማይለየው። ጀሪካኑ ካልተጫነ እዚሁ እንደሚያውቅ። ጀሪካኑ ቢያዝም የነጋዴው ስም ያለበት ጭነት ነው፤ የጫነውም ፈለቀ ነው።

«ከላዩ ያሉ ሰዎች የሉትም?»

አሉ። ፈለቀን በስም አያውቁትም፤ አንድ አረፍተ ነገር ግን ያውቃሉ፤ «አለቃዬ ከዳ» ማለት ነው። ከየትኛውም ጣቢያ በሬዲዮ ቢነገር ይሰማሉ፣ ያችን አውሮፕላን ስታርፍ ይከቧታል። አንዴ ብቻ ይነገራል። ከተነገረ በኋላ ፈለቀም፣ ከፈለቀ በፊት የነበረውም ሰው የሉም። ወረቀታቸው ይቃጠላል። ለእህቱ ሞተ ይባላል። ለህይወትም።

ካልተነገረ ደግሞ ዘመድ በነጻ አዲስ አበባ ይወርዳል። ጀሪካኑን ይከፍታል። ከዚያ የእህቱን ቤት በር ያንኳኳል።

ፈለቀ ግድግዳውን ተደገፈ። እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

አሰለፈች ግን ተነሥታ ሄዳለች። በቀይ ጨርቁ ጀሪካን ላይ ያለውን ሃያ ስምንት በእጅጌዋ አጠፋችው። ጠመኔው ቢጫው ላስቲክ ላይ እንደደረሰ እጇ ቆመ።

«በወረቀቱ ስምንት ኪሎ ይጎድላል» አለች በሹክሹክታ። «ይሄ ሣር ስምንት ኪሎ ይቅር አይልም።»

«እንግዲያው ተይው።»

«ቆይ።» ዓይኗን ጨፍና አሰበች። ከዚያ ሃያ ብላ ጻፈች፤ ዘመድ ሲያየው እሱ ልክ ሃያ ያደረገው ጀሪካን ይመስለዋል። የዘሩን ጀሪካን ጠረጴዛዋ ሥር ገፍታ ጆንያ ጣለችበት።

*

ዘመድ በላንድሮቨር መጣ። ባርኔጣ አድርጓል። ፈለቀን እንደማያውቀው ሰው አለፈው። የካፖርቱ ቀኝ ኪስ ወደታች ተወጥሯል።

«ይመዘኑ፣ ጋሼ» አለች አሰለፈች።

ወጣ። ሚዛኑ ሰባ አንድ አለ። የሚዛኑ ቁጥር የሚታየው ለእሷ ብቻ ነው።

«ሰባ ዘጠኝ» አለች።

«ምን? ሚዛንሽ ተበላሽቷል!»

«ሚዛኔ ደህና ነው። ቦቲዎ ነው ጭቃ የጠጣው።»

ነጋዴው ሳቀ። ስምንቱ ኪሎ በዘመድ ሥጋ ላይ ተጨምሮ የወረቀቱ ድምር እውነት ሆነ። አሰለፈች ጠመኔዋን ጆሮዋ ላይ መለሰች።

ጀሪካኖቹ ካረፈው አውሮፕላን አጠገብ ተደርድረዋል። ፈለቀ ይጭናል። ቀይ ጨርቅ ያለበት ተራው ደረሰ። ጎንበስ ብሎ እጀታውን ጨበጠ። ሃያ ስምንቱን ኪሎ ሃያ አስመስሎ ማንሳት አለበት።

ዘመድ ዞረ።

ወደ እሱ መጣ።

«ይሄ ምንድነው?» አለ ጮክ ብሎ፣ እንደ ተራ ተሳፋሪ። ዓይኑ ጠመኔው ላይ ነው። ሃያ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ፈለቀ ክንድ ሄደ። ክንዱ ላይ ያለው ደም ሥር ተገትሯል። «ከባድ ይመስላል። ላግዝህ?»

ግራ እጁ እጀታውን ነካ። ቀኙ ኪሱ ውስጥ ገባ።

ይህን ጀሪካን ዘመድ አንዴ ካነሳው አለቀ። የራሱን ከጫካው ድረስ ተሸክሞ አምጥቶታልና ክብደቱን ክንዱ ያውቀዋል።

ፊሽካ ተነፋ።

«እርስዎ! ባለካፖርቱ!» ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ከሬዲዮ ቤቱ በር ላይ ቆመው ያምባርቃሉ። «ተሳፋሪ ዕቃ አይነካም! ደመናው እየተዘጋ ነው፣ ይግቡ! በጅራቷ በኩል! በጅራቷ በኩል አልኩ!»

ሽማግሌው ስለ ምንም የሚያውቁት ነገር የለም። ይህን ቁጣ በየቀኑ ይቆጣሉ። ዘመድ የሰው ዓይን ሁሉ እሱ ላይ እንዳረፈ አየ። እጁን ሰበሰበ። ፈለቀ ትንፋሹን ይዞ ጀሪካኑን አነሳ፣ ወረወረ በሚመስል ፍጥነት ከተተው፤ ትከሻው ውስጥ የሆነ ነገር ተበጠሰ። አልጮኸም።

«ጎበዝ» አለው ዘመድ ሲያልፍ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። «ለህይወት ሰላምታህን አደርስልሃለሁ።»

በሩ ተዘጋ። አውሮፕላኗ ሣሩን እየቀደደች ሄደች። ጎማዎቿ ገደሉ ጫፍ ሲደርሱ ገና መሬት ላይ ነበሩ። አሰለፈች ዓይኗን ሸፈነች።

ተነሣች። ደመናው ዋጣት።

ፈለቀ ግራ ትከሻውን ይዞ ወደ ሬዲዮ ቤቱ ሮጠ። በሩ ላይ ግን ቆመ። አንድ እርምጃ ነው የቀረው። ከዚያ እርምጃ ወዲህ አባት ነው። ወዲያ ማንም አይደለም።

ተራመደ።

«ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ነፋሱን ይንገሯቸው። የቦንጋ ነፋስ ከአራቱም አቅጣጫ ነው ይበሉ። እንዳለ፣ ቃሉ ሳይለወጥ።»

ሽማግሌው በመስኮት ጭሱን አዩት። ቀጥ ብሎ ይወጣል። «ከአራቱም? እንዲህ ያለ ነፋስ አለ እንዴ? በነፋስ አይቀለድም፣ ልጄ።»

«ይበሏቸው» አለች አሰለፈች ከበሩ። «እኔም ዛሬ የውሸት ቁጥር ጽፌያለሁ።»

ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ከነፋሱ ይልቅ ይህ አስደነገጣቸው። መነጋገሪያውን አነሱ። ተናገሩ።

ከሬዲዮኑ ጭርታ ብቻ መጣ። ውጭ የሞተር ድምፅ ተሰማ፤ ፈለቀ የተመለሰች መሰለው። አብራሪው ሰምቶ ዘመድ ባለበት ጮክ ብሎ ለተሳፋሪዎቹ ቢደግመውስ? ድምፁ ተራራው ላይ ተንከባለለ፣ ራቀ፣ ጠፋ።

*

ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሬዲዮኑ ተናገረ። ማንም የማያውቀው ድምፅ ነው።

«ቦንጋ፣ ነፋሱን ሰምተናል። ጭሱን አጥፉ።»

ቀጥሎ አብራሪው እየተርበተበተ ገባ። ገና እንዳረፉ ፖሊሶች ባለካፖርቱን፣ ማሩን ሊቀበሉ ከመጡ ሁለት ሰዎች ጋር አፋፍሰው ወስደዋቸዋል። ነጋዴው ዮሴፍ ለቀይ ጨርቁ ጀሪካን ከፖሊስ ጋር እየተጨቃጨቀ ነው።

ፈለቀ ሄዶ እርጥብ ገለባውን በቦቲው ረገጠ። ጭሱ ጠፋ። ትዕዛዙ ይህ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ፈለቀ የሚባል ሰው የለም።

አሰለፈች ክንዱን በነጠላዋ አሰረችለት። የዘሩን ጀሪካን ነገ ማንኪራ፣ አባቷ ጋ ታደርሰዋለች። እሱ በየት በኩል እንደሚሄድ አልጠየቀችውም። ወደ ዋጫ ከተማ የሚወስደውን መንገድ አሻግሮ ሲያይ ግን አይታዋለች።

ከመደርደሪያዋ ላይ ነጩን ማር አወረደች።

«ለእህትህ ልጅ በሚቀጥለው በረራ ልላክላት?»

መላክ ክልክል ነው። ሟች ማር አይልክም።

«ልጄ ናት» አለ።

አድራሻውን ነገራት፣ ጻፈችው። ከዚያ ሦስት ወር አብራው የሠራችው ሰው ዝናቡ ውስጥ ገብቶ ሲሄድ በሩ ላይ ቆማ አየችው። ጠመዝማዛው ጋ ሲደርስ ጭቃ ከሚረግጥ ማንኛውም ሰው አይለይም ነበር።

ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ጠርሙሱን ሚዛኑ ላይ አኖረች። የጭነት ወረቀቷን ሳበች።

ዕቃ፦ ማር። ክብደት፦ ኪሎ ከአራት መቶ። ተቀባይ፦ ህይወት።

ላኪ የሚለው መስመር ላይ እስክሪብቶዋ ብዙ ቆየ። ከዚያ ባዶውን ተወችው።