ለሁለት የተሰበረው መስኮት

«ቀጥ አድርጊው» አላት አባቷ ከኋላዋ ቆሞ። «ከዳር እስከ ዳር፣ እንደ ሰው ግጥም።»

ኦዲል ከእርሳስ ብረት የተሠሩትን የማተሚያ ፊደላት በእጇ እንደያዘች ቀረች። ሠራተኞቹ ወደ ጦር ግንባር ከዘመቱ ወዲህ በፓሪሷ ትንሽ ማተሚያ ቤታቸው ፊደል እየለቀመች ለኅትመት የምትደረድረው እሷ ናት፤ ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ግጥሙ የታላቅ ወንድሟ የአንሴልም ነበር። አንሴልም ከመዝመቱ በፊት ውሎው ከሠዓሊዎች ጋር ነበር፤ አንዲትን ጊታር ከፊትም፣ ከጎንም፣ ከላይም በአንድ ጊዜ የታየች አስመስለው ቆራርጠው ከሚሥሉት ጋር። እሱም ቃላትን እንደዚያ ማድረግ አማረው። አሁን የቦምብ ፍንጣሪ ሁለቱንም ዓይኖቹን ወስዶበታል። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ መዳፏን እንደ ገጽ ዘርግቶ የእያንዳንዱን ቃል ቦታ በጣቱ አሳይቷታል፦ «መስኮት» ለሁለት ይሰበር፣ «ጠርሙስ» ይጋደም፣ «ዝናብ» ከላይ ወደ ታች ይንጠባጠብ።

አባቷ ክፉ ሰው አይደለም። የሰፈሩ ሰው ይህን የተበታተነ ገጽ ካየ፣ ፍንጣሪው የአንሴልምን አእምሮም ነክቶታል ማለቱ እንደማይቀር ነገራት።

«በልጄ ይሳቁበት? እሱ እንደሆነ አያየውም። እንዳልከው ሆኗል በይውና ይብቃ።»

ኦዲል ቀጥ አደረገችው።

በማግስቱ አንሴልም ግድግዳ እየዳበሰ ብቻውን ማተሚያ ቤቱ መጣ። አባታቸው ወረቀት ሊያመጣ ወጥቶ ነበር። ለሙከራ የታተመውን ገጽ አቀበለችው።

«መስኮቱስ?» አላት።

«ለሁለት ተሰብሯል። ግማሹ ላይ፣ ግማሹ ታች።»

«ጠርሙሱ?»

«ተጋድሟል። ልክ እንደ ሰካራም።»

ሳቀ። ከዘመተ ወዲህ ሲስቅ ሰምታው አታውቅም። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ማተሚያው ጠንክሮ ስለሚጫን ፊደላቱ በጀርባ በኩል አበጥ አበጥ ብለው ይዳሰሳሉ። ይህን ጨርሳ ዘንግታው ነበር። ጣቱ ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ። ተመለሰ። እንደገና ቀጥ ብሎ ሄደ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ቆንጆ ነው» አለ። «አመሰግናለሁ፣ እህት ዓለም።»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና በሩን ፍለጋ እጁን ዘረጋ። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

«አንሴልም፣ ዋሽቼህ ነው።»

«አውቃለሁ። አባዬ ነው አይደል?»

«ያዘዘኝ እሱ ነው። የለቀምኩት ግን እኔ ነኝ።»

እጁን ከበሩ መልሶ ወደ እሷ ዞረ። ሰው ቢስቅ ግድ እንደሌለው፣ ሆስፒታልም የሚስቁበት እንደነበሩ ነገራት። ከዚያ ድምፁ ወረደ።

«ድሮ እንደ ሠዓሊዎቹ ልሁን ብዬ ነበር። አሁን ግን የቤታችንን መስኮት ሳስብ ሙሉውን አይመጣልኝም። ስብርባሪው ነው የሚመጣው። ያ የተበታተነ ገጽ ያየሁት ነገር ነው፣ ኦዲል።»

ኦዲል በርጩማ ሳበች። ወንድሟንም ከጎኗ አስቀመጠችው። የተደረደሩትን ፊደላት ጠፍሮ የያዘውን ሲባጎ ስትፈታው መስመሮቹ ተንሸራተው ተበታተኑ። የአባቷ ኮቴ ከደጅ ተሰማ፤ በሩም ተከፈተ።

ዞራ አላየችም። መዳፏን ለወንድሟ ዘረጋችለት።

«ከየት እንጀምር?» አለችው።