የሾፌሩ ክዳን

ሽማግሌው መካኒክ ስማቸው በጀርባው ተዘርሮ፣ ጭንቅላቱ ከጠረጴዛው ጫፍ በብሎን ከታሰረው የብረት መንከሻ ሞርሳ ሥር ነበር። የሞርሳው ጥርስ ላይ ደምና ሽበት ተጣብቋል። ጠረጴዛው ላይ ከክንድ የማይበልጥ የተቃጠለ ታንክ በጄሶ ገደል ላይ አዘንብሎ ቆሟል። ኢንስፔክተር የትነበርሽ ሬሳውን በወጉ ከመረመረች በኋላ ወደ ታንኩ ዞረች፤ እዚያም ብዙ ቆየች። መድፉን የተሸከመው አናት ከአካሉ የሚጋጠምበት ዙሪያው እርጥብ ነበር። ጎንበስ ብላ አሸተተችው። ይኮመጥጣል።

ሟቹን ጎንደር ማራኪ ሰፈር የማያውቀው አልነበረም። በደርግ ጊዜ የታንክ መካኒክ ነበር። ሠራዊቱ ሲበተን ጋራዥ ገባ፤ ጉልበቱ ሲደክም ደግሞ የታንክ አምሳያ መሥራት ጀመረ። አካሉን ከዘይት ቆርቆሮ፣ ሰንሰለቱን ከሰዓት ማሰሪያ፣ መድፉን ከጃንጥላ ዘንግ ያወጣዋል። አዲስ ታንክ ሠርቶ ግን አያውቅም። የተመታውን፣ የተቃጠለውን፣ ዝገት የበላውን ብቻ ነው የሚሠራው። «አዲሱን ፋብሪካ ይሥራው፤ እኔ የማውቀው መጨረሻውን ነው» ይል ነበር።

ይህን የመጨረሻውን ያዘዘው የቀድሞ ወታደሮች ዕድር ነው። ድብ ባሕር አጠገብ ገደል አፋፍ ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ወድቆ የኖረው ታንክ አምሳያ ሆኖ በዕድሩ አዳራሽ፣ በመስታወት ሳጥን ሊቀመጥ ነበር። የዚያን ታንክ ታሪክ ከተማው በቃሉ ያውቀዋል። ሾፌሩ አስናቀው በውጊያው መሐል ክዳኑን ከፍቶ ወደ ጠላት ከዳ፤ ታንኩ ቆመ፤ ተመታ። ከውስጡ የተረፈው አዛዡ መቶ አለቃ ቢያዝን ብቻ ሲሆን፣ የእሳቱ ጠባሳ እስከ ዛሬ አንገቱ ላይ አለ። ዕድሩን የሚመራውም እሱ ነው።

ገዳይ ተብሎ የታሰረው ደግሞ የዚያ ሾፌር ልጅ ነው። ይባረክ ባጃጅ ነጂ ነው፤ አባቱ ሲጠፋ ገና በእናቱ ሆድ ነበር። ስማቸው በሞተበት ዕለት ረፋድ ላይ ሥራ ቤቱ ገብቶ ሲጮህ ጎረቤት ሁሉ ሰምቶታል። የየትነበርሽ አለቃ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈለገም። «ነገ ከሰዓት ፍርድ ቤት ይቀርባል። ሌላ ካለሽ እስከዚያ አምጪ» አላት።

በማግሥቱ ጧት መጀመሪያ ያነጋገረችው እስረኛውን ነበር።

«ምን ብለህ ነው የጮህኸው?»

«"የአባቴን ውርደት በመስታወት ልታስቀምጠው ነው ወይ?" አልሁት። ምን ልበል? ትምህርት ቤት የከዳተኛ ልጅ፣ ሠርግ ቤት የከዳተኛ ልጅ። አሁን ደግሞ ሰው እየመጣ ሊጎበኘን ነው።»

«እሱስ ምን መለሰ?»

«ሳቀ። "ታገሥ፤ ሲያልቅ እናትህን ይዘሃት ና" አለኝ። ንቆኝ መሰለኝ። በሩን ወርውሬው ወጣሁ።»

«ያን ጊዜ መድፉ ወዴት ዞሮ ነበር?»

«እኔ እሱን ዓይኔ እንዲያየው እፈልጋለሁ እንዴ፣ ኢንስፔክተር?»

ከዚያ ወደ ማራኪ ተመለሰች። የሟቹ ሚስት ፋሲካ ከለቀስተኛው መሐል ተነሥታ ሥራ ቤቱን ከፈተችላት።

«ከገበያ ስመለስ በረዶው መጣና ሰው ደጅ ተጠልዬ ቀረሁ» አለች። «ያ ሁሉ በረዶ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው ቢጮህስ ማን ይሰማዋል?»

«የጠፋ ዕቃ አለ?»

«ስልኩ ብቻ። ስብርብሩ የወጣ ነው፤ የታንኩን ፎቶ የሚያነሣበት። ማን ሌባ ይፈልገዋል?»

የትነበርሽ ከጠረጴዛው ላይ አንዲት ጠርሙስ አነሣች። «ይህ አቼቶ ነው?»

«አቼቶና የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ። ሽቦው ሲከርምበት የዝገት ውኃ ይሆናል። ስትቀቢው ምንም አይታይም፤ አድሮ ነው የሚቀላው። አንድ አንሶላዬን ነክቶብኝ እስከ ዛሬ አልለቀቀም።»

«ታንኩን የሚቀባው መቼ ነው?»

«ሁሉን ጨርሶ፣ አጣብቆ፣ ጄሶው ላይ እንደ ወደቀ ካስቀመጠው በኋላ። ከላይ ጠብ ጠብ ያደርግና ይተወዋል። "ዝናቡ መንገዱን ያውቃል፤ እኔ አልመራውም" ይላል።»

የትነበርሽ ወደ አምሳያው ጎንበስ አለች። ትናንት እርጥብ የነበረው የአናቱ ዙሪያ ዛሬ ቀልቷል፤ ዝገቱ እንደ ሽሮ ወፍሮ ተለድፏል። በሌላው ቦታ ያለው ዝገት ግን ስስና ልከኛ ነው። ከታንኩ ፊት በግራ በኩል የሾፌሩ ክዳን አለ። መድፉ ከክዳኑ ርቆ ወደ ቀኝ፣ ወደ ገደሉ ዞሯል። ክዳኑ ላይ ግን ዝገት ያልነካው አንድ አመድማ ሰረዝ ከላይ እስከ ታች ወርዷል፤ ዝገቱ በግራና በቀኙ ተንጠባጥቦ መሐሉን ዘሎታል።

«ከላዩ ምንም የለ፤ ምነው ተጠለለ?» አለች በለሆሳስ።

«ምን አልሽኝ?»

«ምንም። ባለቤትዎ ሰሞኑን ያስጨነቀው ነገር ነበር?»

ፋሲካ ዓይኗን በመቀነቷ ጫፍ ጠረገች። «አንድ ነገር ነበር፤ እህል ሲቀምስ ሳይቀር። "ሰውየው በየት ወጣ?" ይላል። የቱ ሰውዬ ብለው አይመልስልኝም።»

ብረት ነጋዴው ሀብተሥላሴ ከስማቸው ጋር ተካሶ ያውቃል። ድብ ባሕር ያለውን ታንክ ቆራርጦ ለማቅለጫ የሸጠው እሱ ነው። ግቢው ውስጥ በቁራጭ ብረት ክምር ላይ ተቀምጦ ሲቀበላት ተፍለቀለቀ።

«የትነበርሽ! ስምሽ ራሱ ምርመራ ነው እኮ፤ ሌላ ጥያቄ ምን ያስፈልግሻል?»

«እኔስ ትናንት ቢሮዬ ነበርሁ። አንተ የት ነበርህ?»

«ኮሶዬ ሄጄ ነበር፣ በሬ ገዝተን ስናርድ። ዐሥር ሰው ይመሰክራል፤ ሁሉም ጠግቧል።» ሳቁን ዋጥ አደረገ። «ስማቸው ሸጋ ሰው ነበር፤ ግትር እንጂ። ታንኩን ስቆርጥ ከፊቴ ቆሞ "ተው፣ ይህ መቃብር ነው" አለኝ። መቃብር! ፈቃድ አለኝ፣ ሽማግሌ ፈርሞበታል አልሁት። መቶ አለቃ ቢያዝን ራሱ ነው ቀድሞ የፈረመ፤ ልጆች ይጎዱበታል ብሎ።»

«ከየት ጀምራችሁ ቆረጣችሁት?»

«ከመድፉ ነዋ። በፊት በኩል በክዳኑ ላይ ተጋድሞ አላስጠጋ ብሎን።»

የመቶ አለቃ ቢያዝን ግቢ ጽዱ ነው። በረንዳው ላይ ወንበር አወጣላት። ከጎናቸው በገመድ ላይ ጋቢ ተሰጥቷል፤ በረኪናው ከሩቅ ይሸታል።

«ስማቸውን እንደ ወንድሜ ነበር የማየው» አለ መቶ አለቃው። «ያ ልጅ ግን የአባቱን መንገድ ተከተለ። ደም አይዋሽም፣ ልጄ።»

«ሥራውን አይተውት ነበር፣ አያ ቢያዝን?»

«ሲመረቅ አየዋለሁ ብዬ አልሄድሁም። ትናንትም በበረዶው ከቤት አልወጣሁ።»

«ታንኩ ሲመታ መድፉ ወዴት ዞሮ ነበር?»

«ወደ ቀኝ፣ ወደ ገደሉ። ጠላት በዚያ ነበራ።»

«አንድ ሰው የአምሳያውን ማጣበቂያ ሰብሮ፣ አናቱን አዙሮ፣ መልሶ ያጣበቀው ይመስላል።»

«ጉድ ነው!» አለ፤ እጁንም ወደ ኪሱ ከተተ። የትነበርሽ ግን አስቀድማ አይታዋለች፤ የአውራ ጣቱና የሌባ ጣቱ ጫፍ ቆዳ ተገሽልጧል። ስትነሣ ጋቢውን ተጠግታ አለፈች። ጫፉ ላይ ያለው ነጠብጣብ በበረኪናው ባሰበት እንጂ አልጠፋም።

«የልጅ ልጆቼ ናቸው፤ ጭቃ» አለ ሳትጠይቀው።

ከሰዓት በፊት ሁሉም ስማቸው ሥራ ቤት ተሰበሰቡ። ፋሲካ በሩ ሥር፣ ሀብተሥላሴ ግድግዳውን ተደግፎ፣ መቶ አለቃው ወንበር ላይ። ይባረክ ካቴናውን እንደ ለበሰ በሁለት ፖሊሶች መሐል ቆሟል። እናቱ ባንቺአየሁ ከአምባ ጊዮርጊስ ስንቅ ይዛለት መጥታ ነበር፤ የትነበርሽ እሷንም አስገባቻት። አገልግሉን እንዳቀፈች ጥግ ላይ ቁጢጥ አለች።

«ከገዳዩ ጠባይ ልነሣ» አለች የትነበርሽ። «ይባረክ የመጣው ተቆጥቶ ነው። የተቆጣ ሰው ይህን ታንክ አንሥቶ መሬት ላይ ይፈጠፍጠው ነበር። ገዳዩ ግን አልሰበረውም፤ አናቱን ነቅሎ አዙሮ በማጣበቂያ መለሰው፤ መገጣጠሚያውን በዝገት ውኃ ሸፈነው። የተቆጣ ይሰብራል፤ የሚያስተካክል የፈራ ነው።»

«ማን አዞረው አለሽ?» አለ ሀብተሥላሴ። «ስማቸው ራሱ እንዲያ ሠርቶት ቢሆንስ?»

«ክዳኑን እይ።» እርሳስ አውጥታ ከአመድማው ሰረዝ በላይ አጋደመችው። ልክክ አለ። «ስማቸው ዝገቱን ከላይ ያንጠባጥበው የነበረው ሁሉን ካጣበቀ በኋላ ነው። ይህ ሰረዝ መድፉ የከለለው ነው። ስለዚህ ስማቸው የሠራው መድፍ በሾፌሩ ክዳን ላይ ተጋድሞ ነበር። እውነተኛውን የቆረጥኸው አንተስ የት አገኘኸው?»

ሀብተሥላሴ ራሱን አከከ። «በክዳኑ ላይ። ብዬሽ የለ!»

«ወደ ቀኝ ነበር ያሉኝ አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ታንኩ ተቆርጦ ቀልጧል፤ ፎቶው ያለበት ስልክ ጠፍቷል። የቀረው ይህ ቆርቆሮ ነበር፤ እሱም በአንድ ከሰዓት ከሰውየው ቃል ጋር ተስማማ።»

ሁሉም ወደ ወንበሩ ዞሩ። መቶ አለቃው አልተነቃነቀም። «አርጅቻለሁ፣ ልጄ። ግራና ቀኝ ባምታታ ገዳይ እሆናለሁ?»

«የዝገት ውኃው ሲቀቡት አይታይም፣ መቶ አለቃ። አልቀላ ሲልዎት ደጋግመው ለደፉት፤ ጋቢዎን ሲነካውም አላዩትም። አድሮ ቀላ። በረኪና ደግሞ ጭቃን ያስለቅቃል፤ ዝገትን ግን ያባብሰዋል። ጋቢው አሁን ጣቢያ ነው፤ ጣትዎ ላይ የደረቀውን ማጣበቂያም በሞረድ ፍቀውታል። ከቤት አልወጣሁም ያሉበት ቀን የት ነበሩ?»

መቶ አለቃው ጣቶቹን በመዳፉ ውስጥ ደበቀ።

«ግን ለምን?» አለች ፋሲካ። «መድፍ ግራ ዞረ ቀኝ ዞረ፣ ሰው ይገደልበታል?»

«ባለቤትዎ የታንክ መካኒክ ነበር። በዚህ ዓይነት ታንክ መድፉ በሾፌሩ ክዳን ላይ ካረፈ ክዳኑ አይከፈትም። ታዲያ "ክዳኑን ከፍቶ ከዳ" የተባለው ሰውዬ በየት ወጣ?»

ይባረክ ካቴናውን ረስቶ እጁን ወደ ፊቱ ሊያነሣ ሲል ሰንሰለቱ ያዘው።

«አልወጣም» አለ መቶ አለቃ ቢያዝን፤ ድምፁ ግን የእሱ አይመስልም። «ከሥር ሆኖ ይጠራኝ ነበር። "አያ ቢያዝን፣ መድፉን አንሣልኝ" ይላል። እጀታውን ጥቂት ማዞር ነበር። እሳቱ አንገቴን ያዘኝ። ልጅ ነበርሁ፤ ዘለልሁ።»

«ለዚያ ማንም አይፈርድብዎትም ነበር» አለች የትነበርሽ።

«ጦር ፍርድ ቤት ይፈርድ ነበር። ታንክህን ምን በላው ሲሉኝ አንድ ቃል አወጣሁ። ቃሉ ደግሞ አገር ምድሩን አዳረሰ። በኋላ እንዴት ልመልሰው?» ወደ ፋሲካ ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። «ስማቸው ጠርቶ አሳየኝ። ለእናቲቱ ሳልነግራት አልሞትም አለ። ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም፤ ገፋሁት ብቻ።»

«ከዚያ ቁጭ ብለህ ታንክ አጣበቅህ» አለች ፋሲካ። «ባሌ እግርህ ሥር ደሙ እየፈሰሰ።»

ፖሊሱ ካቴናውን ከይባረክ እጅ ፈትቶ ለመቶ አለቃው አጠለቀው። ይባረክ የተላጠ አንጓውን እያሸ ወደ እናቱ ሄደ፤ እሷ ግን ዓይኗ ሀብተሥላሴ ላይ ነበር።

«አያ፣ ታንኩን የከፈትኸው አንተ ነህ?»

«እኔና ሠራተኞቼ... አዎ፣ እናቴ።»

«ውስጡ ምን ነበር?»

ያ ተጫዋች ሰው ከተደገፈው ግድግዳ ተላቀቀ። «አመድ ነበር። ትንሽ አጥንትም። አውሬ ያስገባው መስሎን...» ወደ የትነበርሽ ዞረ፤ እሷም አላዳነችውም። «ወደ ገደሉ ጠረግነው።»

ባንቺአየሁ ራሷን በዝግታ ነቀነቀች። «ሱዳን ሚስት አግብቷል አሉኝ። ወልዷል አሉኝ። ተዝካሩን ላውጣ ብል በሕይወት ላለ ሰው ፍታት የለም ተባልሁ። እኔም ባለሁበት ረገምሁት፤ ክፉ ሞት ሙት አልሁት። ያኔ እሱ...»

ይባረክ ከጎኗ ተንበረከከ። «እማዬ፣ እንሂድ። ነፃ ነን እኮ።»

«ቆይ» አለችው።

አገልግሉን መሬት አስቀመጠች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አዞረችና ለኀዘን ለበሰችው።